የቦውሊንግ ኳሴ መታጠፍ ለምን ተወ?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ በየሳምንቱ ቦውሊንግ እጫወታለሁ። ዘንድሮ የገዛሁት ሪአክቲቭ ሬዚን ኳስ እንደ መጀመሪያው አይታጠፍም። በምን ላጽዳው?

መልስ፦ ኳስዎ ዘይት ጠጥቷል። የሪአክቲቭ ሬዚን ገጽ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት፣ መጫወቻው ወለል ላይ የሚቀባውን ዘይት እየመጠጠ ይሄዳል። ያን ጊዜ ወለሉን መያዝ ያቅተውና ቀጥ ብሎ ይነጉዳል።

ከማጽጃው ዓይነት ይልቅ እኔ የምጨነቀው ስለ ሰዓቱ ነው። የመጨረሻውን እንደወረወሩ፣ ጫማ እንኳ ሳይቀይሩ ይጥረጉት፤ ኳሱ ገና ሞቅ እንዳለ ዘይቱ ቶሎ ይለቃል። ለቦውሊንግ የተሠራ ማጽጃ ወይም አይሶፕሮፒል አልኮል ረጭተው በማይክሮፋይበር ጨርቅ ዙሪያውን ጠበቅ አድርገው ይሹት። አሴቶን ግን አደራ፣ አያስነኩት! ገጹን ይጎዳል።

ሊግ የሚጫወቱ ከሆነ ደግሞ፣ የአሜሪካ የቦውሊንግ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2019 ጀምሮ በውድድር መካከል ፈሳሽ ማጽጃ ከልክሏል፤ የሚፈቀደው ደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው።

ወደ ውስጥ የዘለቀውን ዘይት መጥረግ አያወጣውም። ለዚያ ወደ ቦውሊንግ ዕቃ ቤት ይውሰዱት፤ በልኩ አሙቀው ያወጡልዎታል። ቤት ውስጥ ምድጃ ውስጥ አይክተቱት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።