ጥያቄው ደርሷል፤ መልሱስ?
የአካባቢ አስተዳደርና ማኅበራዊ ሚዲያ

የወረዳና የከተማ አስተዳደሮች ቀድሞ ማስታወቂያቸውን በቀበሌ ሰሌዳ ይለጥፉ፣ በድምፅ ማጉያም ያሰሙ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ በፌስቡክና በቴሌግራም የስብሰባ ፎቶግራፍ፣ የምረቃ ዜናና የግብር ማሳሰቢያ ያወጣሉ። ይሁን እንጂ ማሳወቅና ማሳተፍ አንድ አይደሉም። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶችም ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ የአንድ አስተዳደር ገጽ ሊመዘን የሚገባው ለቀረበለት ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

በስፔን፣ በግራናዳ ከተማ አጠገብ የምትገኘው ሁን ለዚህ ምሳሌ ትሆነናለች። በወቅቱ 3,500 ገደማ ነዋሪዎች የነበሯት ይህች አነስተኛ ከተማ በጊዜው ከንቲባዋ በነበሩት በሆሴ አንቶኒዮ ሮድሪጌዝ ሳላስ መሪነት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱን አገልግሎት ዛሬ ኤክስ በሚባለው በትዊተር አማካይነት ማካሄድ ጀመረች። ነዋሪዎች አስቀድመው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደው የገጻቸውን ባለቤትነት ያረጋግጡ ነበር። የመንገድ መብራት ሲበላሽ አንድ ነዋሪ ለከንቲባው ይጽፍ ነበር፤ ከንቲባው ጉዳዩን በሁሉም ፊት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያስተላልፍ ነበር፤ ሠራተኛውም ጠግኖ ሲጨርስ የበራውን መብራት ፎቶግራፍ ያወጣ ነበር። በዚህ አሠራር ጠያቂው ይታወቃል፣ ኃላፊው ይታወቃል፣ ፍጻሜውም ይታያል።

ሰበካ ጉባኤያችንም የቦኖ ውኃ ሲቋረጥ ወይም ድልድይ ሲፈርስ ይህን አሠራር ከአካባቢው ጋር አስማምቶ ሊጠቀምበት ይችላል።

አንደኛ፣ መልእክቱ ቦታውን፣ ጉዳቱ የደረሰበትን ቀንና የሚፈለገውን መፍትሔ ለይቶ ይግለጽ። ስድብ ከተጨመረበት መልስ ላለመስጠት ምክንያት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በገጹ የቀረበው ጥያቄ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤም ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይድረስ። የገጽ ጽሑፍ ሊሰረዝ ይችላል፤ በመዝገብ ቤት ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ ግን ማስረጃ ሆኖ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ የችግረኞች ስም፣ የሕፃናት ፎቶግራፍና የቤተሰብ ምስጢር በአደባባይ አይውጣ።

አራተኛውና ዋናው ነገር ስልክ የሌላቸውን ይመለከታል። ስለ አዲስ የውኃ ጉድጓድ የሚደረገው ምክክር በቴሌግራም ብቻ ከተጠራ፣ በየቀኑ እንስራ ተሸክማ የምትወርደው እናት ሐሳቧን ሳትጠየቅ ቦታው ይወሰናል። ስለዚህ ካህናት የምክክሩን ጥሪ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ያሰሙ፤ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊም የሕዝቡን ጥያቄ መዝግቦ ለወረዳው ያድርስ። መልሱ በሚቀጥለው ሰንበት በዚያው ስፍራ ይነገር፤ መልስ ካልመጣም አለመምጣቱ ይነገር። የአስተዳደሩን ማስታወቂያ እያነበብን የምእመናኑን ጥያቄ ካላደረስን ግን እኛም እንደ ቀድሞው የቀበሌ ሰሌዳ እንሆናለን።

ለውይይት፦
1. ባለፉት ሦስት ወራት ለወረዳችን ካቀረብናቸው ጥያቄዎች ስንቶቹ መልስ አገኙ?
2. በአጥቢያችን የአስተዳደሩ መልእክት የማይደርሳቸው እነማን ናቸው? ድምፃቸውንስ ማን ያደርሳል?