ሽልንግ የተባለው ስም ከወዴት መጣ

በሳጉሬና በአርሲ ደጋ የሚያስተምር መምህር ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ፥ 50 ሳንቲምን «ሽልንግ» ሲሉ ይሰማል። ይህ ስም በአገራችን ጥቂት ዓመት ብቻ ከተሠራበት ከባዕድ ገንዘብ የቀረ ነው።

ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ፥ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ብር ትቶ በሊሬ እንዲገበያይ አዘዘች። ሕዝቡ ግን የሊሬውን ወረቀት ስላላመነው ጠገራውን ደበቀ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የምሥራቅ አፍሪቃ ሽልንግ ገባ። ይህም ለኬንያ፥ ለኡጋንዳና ለታንጋኒካ የተሠራ፥ የእንግሊዝ ንጉሥ መልክ የተቀረጸበት፥ በለንደን በተቋቋመ ቦርድ የሚታዘዝ ገንዘብ ነበረ። እንግዲህ አገሪቱ ነጻ ወጥታ ሳለ የገንዘቧ ሥልጣን ገና በእጅዋ አልነበረም።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ አንዱም ብር በ2 ሽልንግ ተመነዘረ። ስለዚህ 50 ሳንቲም ከ1 ሽልንግ ጋራ ትክክል ሆነ፤ ስሙንም ወረሰ።

አዲሱ ብር ወረቀት ስለ ነበረ የሕዝቡን እምነት ማግኘት ያስፈልገው ነበር። ሌሎቹ ሳንቲሞች ከመዳብ ሲሠሩ፥ 50 ሳንቲሙ በአሜሪካ፥ በፊላደልፊያ ከተማ፥ ከብር ማዕድን ተሠራ፤ በአንድ ፊቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ በሁለተኛው አንበሳ ነበረበት።

መምህሩ ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎቹን ያሳስብ። የምሥራቅ አፍሪቃው ሽልንግ 7.78 ግራም ይመዝን ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብር ከመቶ 25 እጅ ብቻ ነው። የኢትዮጵያው 50 ሳንቲም 7.03 ግራም ሲመዝን፥ ከመቶ 80 እጁ ንጹሕ ብር ነበረ። በየትኛው ውስጥ ብዙ ብር አለ? መልሱ በፊተኛው 1.94 ግራም፥ በኋለኛው 5.62 ግራም ነው። ሚዛኑ ቀለል ያለው ሳንቲም ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ብር ይዞ ነበር። ተማሪውም ገንዘብን በክብደቱ ብቻ መገመት እንደማይገባ ከዚህ ይረዳል።

ይህም ብዙ አልቆየም። በ1947 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተሠራው 50 ሳንቲም የብሩ መጠን ወደ 70 እጅ ዝቅ አለ፤ በ1969 ዓ.ም. የወጣው 50 ሳንቲም ደግሞ ከነጭራሹ ብር የለበትም። ብሩ ከሳንቲሙ ወጣ፤ የሽልንግ ስም ግን በሰው አፍ ቀረ።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልኮ፥ የሳንቲሞችን የቀድሞ ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ጽፈው እንዲያመጡ ያድርግ።