ሁለት ቃል፣ አንድ ትርጉም፦ የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሶችን እንዴት እናጥና?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ዕትም የትምህርት ገጻችን የምናነሳው ብዙዎቻችንን ክፍል ውስጥም ፈተና ላይም የሚያደናቅፈንን ነገር ነው። እንግሊዝኛው «ፍሬዛል ቨርብ» ይለዋል፤ በአማርኛ ሐረጋዊ ግስ እንለዋለን። አንድ ተራ ግስ እንደ «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»፣ «ኢን»፣ «ዳውን» ካሉ ትንንሽ ቃላት ጋር ሲጣመርና አዲስ ትርጉም ሲይዝ ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዞናችን በአንከሻ ያለችውን የግምጃ ቤትን ስም እንውሰድ። «ግምጃ» የከበረ የጨርቅ ዓይነት ነው። «ቤት» ቤት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን በአማርኛ «ግምጃ ቤት» የጨርቅ ቤት ማለት ሳይሆን ገንዘብና ንብረት የሚጠበቅበት ማከማቻ ማለት ነው። ሁለቱን ቃላት ለየብቻ የሚያውቅ ሰው ጥምሩን ካልተማረ ትርጉሙን አያገኘውም። የእንግሊዝኛው ሐረጋዊ ግስም እንደዚሁ ነው፤ ቃሎቹ ሁለት ቢሆኑም ትርጉሙ አንድ ነው። ስለዚህ እንደ አንድ ቃል መጠናት አለበት።

ለምን እንጨነቅበታለን?

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም በእንግሊዝኛ ነው። ከእኛ መካከል በአዊኛ አፍ ፈትተው፣ አማርኛን ጨምረው፣ በመድረሳ ዐረብኛ ቀርተው እንግሊዝኛ አራተኛ ቋንቋቸው የሆነ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እነዚህ ተማሪዎች ትምህርቱን እያወቁት በጥያቄው ቋንቋ ምክንያት ነጥብ ሲያጡ ያሳዝናል። አስቸጋሪው ደግሞ ረጅሙ ቃል ላይሆን ይችላል። ረጅሙን ቃል እንደማናውቀው ስለምናውቅ መዝገበ ቃላት እንገልጣለን። «ፑት» እና «ኦፍ»ን ግን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ስለምናውቃቸው የገባን ይመስለንና እናልፋቸዋለን።

ሁለት ምሳሌ እንይ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፈተናው «ፑት ኦፍ» ተደርጓል ከተባለ ለሌላ ቀን ተላልፏል ማለት ነው። «ኮልድ ኦፍ» ከሆነ ግን ተሰርዟል። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው የተረዳ ተማሪ ማጥናቱን ያቆማል፤ ፈተናው ግን ይመጣበታል። በጤና ትምህርት ክፍል ላሉት ደግሞ ከዚህ የሚከብድ አለ። ታካሚው «ፓስድ አውት» ከተባለ ራሱን ስቷል፤ ቶሎ ሊረዳ ይገባል። «ፓስድ አወይ» ከተባለ ሞቷል። ግሱ ያው «ፓስ» ነው፤ የተለወጠው ተከታዩ ትንሽ ቃል ብቻ ነው።

በምናውቃቸው ቋንቋዎች እንመዝነው

አማርኛችን በእንዲህ ያለ ግስ የተሞላ ነው። «ቁጭ አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም። «ዝም አለ» ደግሞ ጭራሽ የመናገር ተቃራኒ ነው። «ልብ አለ» ማለት አስተዋለ ነው፤ «እጅ ሰጠ» ማለት ተሸነፈ ነው። ይህን የመጨረሻውን እንግሊዝኛው «ጊቭ አፕ» ይለዋል። እነሱም እኛም «ሰጠ» የሚለውን ግስ ይዘን፣ ሌላ ቃል ጨምረን፣ ከመስጠት የራቀ ትርጉም ላይ ደርሰናል።

ዐረብኛ የቀሩት ደግሞ ሌላ ጥሩ መመዘኛ አላቸው። «ረጊበ» የሚለው ግስ «ፊ» ሲከተለው ፈለገ፣ ተመኘ ማለት ነው። «ዐን» ሲከተለው ጠላ፣ ፊቱን አዞረ ማለት ይሆናል። ትርጉሙን ከጫፍ ወደ ጫፍ የሚገለብጠው ያች ትንሽ ቃል ናት። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 130 ላይ ግሱ የመጣው ከ«ዐን» ጋር ነው፤ የሚናገረውም ከኢብራሂም (ዐ.ሰ.) መንገድ ስለሚያፈነግጥ ሰው ነው። «ዐን»ን ችላ ብሎ የሚያነብ ሰው አንቀጹን በተቃራኒው ይረዳዋል። ኡስታዞቻችን «ሐርፉን አትዝለል» የሚሉን ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛም ያው ምክር ይሠራል።

በግቢ አፋችን ላይ ያሉት

ሳናስተውለው ብዙዎቹን ስንጠቀምባቸው ኖረናል። መምህሩ የሚያድሉን «ሃንዳውት» የመጣው «ሃንድ አውት» ማለትም ማደል ከሚለው ነው። ተቃራኒው «ሃንድ ኢን» ነው፤ አሳይመንት ማስረከብ። ያመለጠ ክፍለ ጊዜ የሚካካስበት «ሜካፕ ክላስ» ከ«ሜክ አፕ» የመጣ ነው። ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው «ድሮፕ አውት» አደረገ እንላለን። በስልካችን «ሎግ ኢን» እና «ሳይን አፕ» እናደርጋለን። ስለዚህ ከዜሮ አንጀምርም።

አንዱ ሐረጋዊ ግስ ብዙ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል ግን ልብ እንበል። «ሜክ አፕ» ማካካስ ብቻ አይደለም። ወሬ «ሜክ አፕ» ማድረግ ፈጥሮ ማውራት ነው፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች «ሜክ አፕ» ካደረጉ ታርቀዋል። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ዐረፍተ ነገሩ ነው።

በቅድሚያ የሚያስፈልጉን

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት በማስታወቂያ፣ በመማሪያ መጽሐፍና በፈተና መመሪያ ላይ ደጋግመው የሚመጡ ናቸው።

ፊል ኢን፦ ቅጽ መሙላት
ካሪ አውት፦ ማካሄድ፣ መፈጸም (ጥናት፣ ሙከራ፣ ትእዛዝ)
ፋይንድ አውት፦ አጣርቶ ማወቅ
ፖይንት አውት፦ ማመልከት፣ ልብ እንዲባል ማንሳት
ሩል አውት፦ ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ ከግምት ማስወጣት
ብሪንግ አባውት፦ ማስከተል፣ ምክንያት መሆን
አካውንት ፎር፦ ምክንያቱን ማስረዳት፤ ከጠቅላላው ይህን ያህል ድርሻ መያዝ
ሴት አፕ፦ ማቋቋም፣ መትከል
ብሬክ ዳውን፦ መበላሸት (መኪና፣ ማሽን)፤ ወደ ክፍሎቹ መከፋፈል
ተርን ዳውን፦ ጥያቄን አለመቀበል
ሉክ አፕ፦ ቃልን መዝገበ ቃላት ላይ መፈለግ
ሉክ ኢንቱ፦ ጉዳይን መመርመር
ሉክ አፍተር፦ መንከባከብ
ሉክ ዳውን ኦን፦ መናቅ
ስሮው አፕ፦ ማስታወክ

አራቱን የ«ሉክ» ግሶች አንድ ላይ እንያቸው። ማየት የሚለው ትርጉም በአንዱ ላይ እንኳን እንዳለ አልቀረም። «ሉክ አፍተር» እና «ሉክ ዳውን ኦን»ን ያቀያየረ ሰው «እናቴን እንከባከባለሁ» ሊል አስቦ «እናቴን እንቃለሁ» ብሎ ይጽፋል።

የሰዋስው ሁለት ነጥቦች

አንደኛ፦ የሚረባው ግሱ ብቻ ነው። በአማርኛ «ቁጭ አልኩ፣ ቁጭ ትላለህ፣ ቁጭ በሉ» ስንል የማይለወጠው የፊተኛው ቃል ነው፤ የሚለዋወጠው «አለ» ነው። በእንግሊዝኛ ቦታው ይገለበጣል። «ካሪ አውት» ሲያልፍ «ካሪድ አውት» ይሆናል፤ «አውት» ምንም አይነካም።

ሁለተኛ፦ አንዳንዶቹ ይከፈላሉ፣ አንዳንዶቹ አይከፈሉም። እኛም «ቁጭ እንኳን ሳይል ሄደ» ብለን በመካከል ቃል እናስገባለን። በእንግሊዝኛ ሊከፈሉ በሚችሉት ላይ ተሳቢው ስም ከሆነ መካከልም መጨረሻም ሊገባ ይችላል። ተሳቢው እንደ «ኢት» እና «ዜም» ያለ ተውላጠ ስም ከሆነ ግን ቦታው መካከል ብቻ ነው። «ሃንድ ኢት ኢን» ይባላል እንጂ «ሃንድ ኢን ኢት» አይባልም። እንደ «ሉክ አፍተር» እና «ሉክ ኢንቱ» ያሉት ደግሞ አይከፈሉም፤ «ሉክ አፍተር ሂም» ነው የሚባለው። አዲስ ግስ ስንመዘግብ የትኛው ወገን እንደሆነ አብረን እንጻፍ።

ትንንሾቹ ቃላትም መጠነኛ ፍንጭ ይሰጣሉ። «አፕ» ብዙ ጊዜ ጨርሶ ማድረግን ያሳያል፤ «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ መጨረስ ነው። «አውት» የተሸሸገውን ወደ ብርሃን ያወጣል፤ «ፋይንድ አውት» እንደዚያ ነው። «ኦፍ» ይቆርጣል፣ ያቋርጣል። «ዳውን» ይቀንሳል፤ «ስሎው ዳውን» ፍጥነት መቀነስ ነው። «ኦን» ያስቀጥላል፤ «ካሪ ኦን» መቀጠል ነው። ይህ ለመገመት ይረዳል እንጂ ሕግ አይደለም፤ በግምት ብቻ መልስ አንምረጥ።

የት እንጠቀምባቸው?

እንግሊዝኛ ለአንድ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል አለው። ሐረጋዊ ግሱ የዕለት ንግግር ነው፤ ነጠላው ቃል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጣና ለመደበኛ ጽሑፍ የሚመረጥ ነው። እኛም ደብዳቤ ላይ «ተጠናቀቀ» የምንለውን በጨዋታ ላይ «አለቀ» እንላለን። ስለዚህ በንግግር «ፑት ኦፍ»፣ በጽሑፍ «ፖስትፖን»፤ በንግግር «ሉክ ኢንቱ»፣ በጽሑፍ «ኢንቨስቲጌት»፤ በንግግር «ፋይንድ አውት»፣ በጽሑፍ «ዲስከቨር» ማለት ይመረጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች ሁለቱንም ጎን ለጎን ብታጠኑ በአንድ ድካም ሁለት ቃል ታተርፋላችሁ።

የጥናት መንገድ

ቁርኣን የሐፈዘ ሰው የሙራጀዓን ጥቅም ያውቃል፤ የትናንቱ ሳይደገም የዛሬው አይጨመርም። ለቃላትም ያንኑ እንጠቀም። በቀን 4 ሐረጋዊ ግስ፣ በሳምንት 5 ቀን እንያዝ፤ ሁለቱን ቀን ለሙራጀዓ ብቻ እንተው። በሳምንት 20፣ በ10 ሳምንት 200 ይሆናል ኢንሻአላህ።

ግሱን ብቻውን አንጻፍ፤ ከራሳችን ሕይወት አንድ ዐረፍተ ነገር እንሥራለት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ከተገኘ ይጠቅማል። በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ መጽሐፍ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ስለሚያሳይ ለእንዲህ ያለ ጥናት የተመቸ ነው። ስንፈልግም ዋናውን ግስ ይዘን እንሂድ፤ «ጊቭ አፕ»ን በ«ጊቭ» ሥር እንፈልገው።

ከተቻለ ሁለት ሁለት ሆነን እንጠያየቅ። የበረታው ያልገባውን አይናቀው፤ ያልገባውም ለመጠየቅ አይፈር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሑፍ እንዲማር ማዘዛቸው፣ እሱም በአጭር ጊዜ ተምሮ ደብዳቤዎቻቸውን ያነብላቸው እንደነበር ተዘግቧል። የሌላውን ቋንቋ በትክክል መረዳት አማና ያለበት ሥራ ነው። ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሕግ ባለሙያ ሆነን የምናነበው ወረቀት የሰው ሕይወትና ሐቅ ይኖርበታል።

ራሳችንን እንፈትሽ

1. ለነፃ የትምህርት ዕድል ያመለከተች እህት ማመልከቻዋ «ተርንድ ዳውን» ተብሎ መልስ መጣላት። ምን ሆነ?
2. ከ«ሉክ ኢት አፕ» እና ከ«ሉክ አፕ ኢት» ትክክሉ የትኛው ነው?
3. ሐኪሙ ወባን «ሩልድ አውት» አደረገ። ታካሚው ወባ አለበት ወይስ የለበትም?
4. ስብሰባው «ፑት ኦፍ» ተደርጓል። ተሰርዟል ወይስ ተላልፏል?
5. የ«ብሬክ ዳውን» ያለፈ ጊዜ ምንድን ነው?

መልስ፦ 1. ተቀባይነት አላገኘም። 2. «ሉክ ኢት አፕ»። 3. የለበትም። 4. ተላልፏል። 5. «ብሮክ ዳውን»።

ከአምስቱ ሦስቱን የመለሰ መልካም ጀምሯል፤ ያልመለሰም «ጊቭ አፕ» አያድርግ። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።