በበጋው ሙቀት ለአረጋውያን ስለሚስማማ ምግብና መጠጥ

በውጭ አገር መጻሕፍት ስለ ሙቀት ወራት ምግብ የሚነገረውን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ወራቱን ማስተካከል አለበት። እነርሱ የሙቀት ወራት የሚሏቸው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በእኛ ደጋ የዝናምና የብርድ ወራት ናቸውና። በአብዛኛው ደጋና ወይናደጋ አገራችን ፀሐይ የሚበረታው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ግንቦት ነው። በእነዚሁ ወራት ደግሞ 55 ቀን የሚቆየው የሁዳዴ ጾም ይገባል። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ቀን ሲያዝ ረመዳንም በአምስተኛው ቀን ተከትሎ ገብቷል። ስለዚህ የምንናገረው ስለሚጾሙትም ስለማይጾሙትም ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ነው።

ከምግቡ በፊት የውሃውን ነገር እናስቀድማለን። ሰው ሲያረጅ በሰውነቱ ውስጥ ያለው የውሃ መጠን ከወጣትነቱ ያንሳል፤ ኩላሊቱም ውሃን ቆጥቦ የመያዝ ኀይሉ ይደክማል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን የጥም ስሜት መቀነሱ ነው። ሕፃን ሲጠማው ያለቅሳል፤ አያቱ ግን ሰውነታቸው እየደረቀ «አልጠማኝም» ይላሉ፤ የሚሉትም እውነታቸውን ነው።

የውሃ ማነስ ምልክቱ የአፍና የምላስ መድረቅ፣ የሽንት ማነስና መጥቆር፣ ከመቀመጫ ሲነሡ ራስ ማዞር፣ የሆድ ድርቀትም ነው። ትናንት ደኅና የዋሉ ሽማግሌ ዛሬ የልጃቸውን ስም ቢስቱ ወይም ንግግራቸው ቢዘባረቅ፣ ቤተ ሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ሊተወው አይገባም፤ እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣምና። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ለውጥ ከውሃ ማነስ ወይም ከሌላ ከባድ ሕመም የሚመጣ ስለ ሆነ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ያሻል።

ብዙዎች አረጋውያን ውሃን የሚሸሹት ስለማይጠማቸው ብቻ አይደለም። መጸዳጃው በግቢው ዳር ነው፤ ሌሊቱ ጨለማ፣ ደረጃው ወጣ ገባ ነው፤ ስለዚህ እንዳይነሡ ሲሉ ከቀትር በኋላ መጠጣትን ይተዋሉ። ይህን ለልጆቻቸው መናገር ያፍራሉ፤ ልጆቹም አይጠይቁም። ፖፖ በአልጋ አጠገብ ማኖርና መብራት ማዘጋጀት ከብዙ ምክር ይበልጥ ይጠቅማል።

ጤናማ የሆኑ ባልቴት በቀን ቢያንስ 1.6 ሊትር፣ ሽማግሌ ደግሞ 2 ሊትር ያህል የሚጠጣ ነገር ያስፈልጋቸዋል። ይህም 200 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ 8 እና 10 ብርጭቆ ማለት ነው። ውሃ ብቻ ሳይሆን ሻይ፣ ወተት፣ አጥሚትና ቡናም ይቈጠራሉ። ቡናን የምንከለክልበት ምክንያት የለንም፤ ሲመሽ ግን እንቅልፍ ይነሣል። ጠላና ጠጅ ሽንትን ስለሚያበዙ የውሃ ምትክ አይሆኑም። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ፣ መጠኑን ከሐኪማቸው ይጠይቁ።

ስለ ምግቡ በተናገርን ጊዜ የእናቶቻችንን ብልሃት ሳናመሰግን አናልፍም። የተልባ፣ የሱፍና የቲማቲም ፍትፍት በጾምና በፀሐይ ወራት የሚዘወተሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተልባው ታምሶ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ በውሃ ይበጠበጣል፤ ሱፉም ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ በንጹሕ ሻሽ ሲጣራ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይሰጣል። እንጀራው በዚህ ሲርስ ጥርስ ለሌላቸው ይለሰልሳል፤ ውሃ ጠጡ ብለን የምንለምናቸውም ሳያስቡት ከምግቡ ጋር ውሃ ያገኛሉ። የተልባው ልጋግ ሆድን ያለዝባል፤ በደረቁ ወይም በጥቂት ውሃ ግን አይወሰድ። ቃሪያው ጨጓራቸውን የሚያቃጥላቸው ከሆነ ይቅርላቸው። ጨውም ከሁሉም ምግብ ተደምሮ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለት ከአንድ ልክ የሻይ ማንኪያ፣ በታች ይሁን።

ፍትፍት ብቻውን ግን አይበቃም። አረጋውያን ጡንቻቸው እንዳይከሳ ገንቢ ምግብ ከወጣቱ ባላነሰ ያሻቸዋል። በጾም ሽሮ፣ ምስርና ክክ፣ በፍስክም እርጎ፣ ዐይብና ዕንቁላል ይህን ያሟላሉ። እንጀራ በሻይ በልተው የሚያድሩ ባልቴት ጠግበው ይሆናል እንጂ አልተመገቡም። ፓፓያ፣ ብርቱካንና ሐብሐብ ውሃም ጥቅምም አላቸው፤ የስኳር በሽታ ያለባቸው በልክ ፍሬውን ይብሉ፣ ስኳር የተጨመረበትን ጭማቂ ግን ይተዉ።

አሁን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። እነዚህ ፍትፍቶች ውሃ ከተጨመረባቸው በኋላ እሳት አያያቸውም፤ ስለዚህ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ ቲማቲሙና ቃሪያውም በንጹሕ ውሃ የታጠበ ይሁን። ለምሳ የተሠራው ለራት አይቆይ። ያደረ ወጥም በማቀዝቀዣ ካልተቀመጠ በዚህ ሙቀት ለአረጋዊ አይሰጥ። ተቅማጥ ከያዛቸው፣ ከጤና ጣቢያ የሚገኘውን የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣትና ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ስለ ጾሙ መያዝ ወይም መተው የምንወስነው እኛ አይደለንም። መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ግን ጾሙ ሳይገባ ሐኪማቸውንና የነፍስ አባታቸውን፣ ሙስሊሞችም ሐኪማቸውንና የሃይማኖት አዋቂዎቻቸውን ያማክሩ። የሚጾሙትም ከፈቱበት ሰዓት እስኪተኙ ድረስ ውሃውን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይጠጡ እንጂ በአንድ ጊዜ አይጋቱት። መምህራን ተማሪዎቻቸውን «ዛሬ አያታችሁ ስንት ብርጭቆ ጠጡ?» ብለው አንድ ሳምንት ቢጠይቁ፣ ልጆቹ በቤታቸው መቍጠር ይጀምራሉ።