ጠባቂ ያጣው ቦይ

በእንግሊዝ አገር በስተ ደቡብ ኬኔትና ኤቨን የሚባል የውሃ ቦይ አለ። ርዝመቱ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሬዲንግ ከተማ ተነሥቶ በባዝ በኩል አልፎ እስከ ብሪስቶል ይደርሳል። ስሙንም ያገኘው ከሚያገናኛቸው ከሁለቱ ወንዞች ነው። በዚህ ቦይ በጀልባ የሚሄድ ሰው አይቸኩልም፤ ጀልባው በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥምና፥ በዳር የሚሄድ እግረኛ እየተጫወተ አብሮት ሊጓዝ ይችላል።

ቀስ ብሎ የሚሄድ ግን ብዙ ያያል። የአኻያ ዛፍ ቅርንጫፉን ወደ ውሃው ዘንበል አድርጎ ቆሟል። በቄጠማው መካከል ዳክዬ ጫጩቶችዋን አስከትላ ትዋኛለች። ሽመላን የሚመስል ግራጫ ወፍ በረጅም እግሮቹ ቆሞ፥ ዓሣ እስኪመጣለት ድረስ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል። ጀርባው ሰማያዊ የሆነ ትንሽ ወፍም ከቅርንጫፍ ተወርውሮ ወደ ውሃው ይገባና ዓሣ ይዞ ይወጣል።

የቦዩ ሥራ የተጀመረው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1794 ዓ.ም. ነው፤ የተፈጸመውም በ1810 ዓ.ም. ነው። መሐንዲሱ ጆን ሬኒ ይባል ነበር። በባዝ አጠገብ ቦዩ በድንጋይ ድልድይ ላይ ሆኖ የኤቨንን ወንዝ ይሻገራል፤ በዚያም ጀልባ በላይ ሲያልፍ ወንዙ በታች ይፈሳል። በዚያን ዘመን ጀልባውን የሚስበው በዳር የሚሄድ ፈረስ ነበር፤ ጭነቱም የድንጋይ ከሰልና ሌላም ዕቃ ነበር።

ውሃ ዳገት አይወጣም፤ ታዲያ ጀልባ ኮረብታ የሚወጣው እንዴት ነው? በውሃ ደረጃ ነው። የውሃ ደረጃ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው፥ በግንብ የታነጸ ጠባብ ክፍል ነው። ጀልባው በታችኛው በር ይገባል፤ በሩም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ከላይ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ውሃው ሲሞላ ጀልባው አብሮ ከፍ ይላል። በመጨረሻም የላይኛው በር ተከፍቶ ጀልባው መንገዱን ይቀጥላል። በዲቫይዚስ ከተማ አጠገብ እንዲህ ያሉ 29 ደረጃዎች ተከታትለው ይገኛሉ፤ ጀልባውንም 72 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጉታል። ይህን ለመውጣት አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። መንገደኛው ራሱ ወርዶ የበሩን ከባድ እንጨት በጀርባው ይገፋል፤ ካለፈም በኋላ በሩን መዝጋት አለበት፤ አለዚያ ውሃው ይባክናል።

ይህ ሁሉ ድካም የፈሰሰበት ሥራ ግን ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1841 ዓ.ም. ከለንደን እስከ ብሪስቶል ባቡር መሄድ ጀመረ፤ ባቡሩም ፈጣን ስለ ሆነ ጭነቱን ወሰደ። በ1852 ዓ.ም. ቦዩን የባቡሩ ኩባንያ ገዛው። ከዚያ ወዲህ የሚያስብለት እያነሰ ሄደ፤ በሮቹ በሰበሱ፥ ግንቡም ፈራረሰ። ውሃው በደረቀበት ስፍራ ዓሣና የውሃ ወፍ መኖሪያ አጡ። ከጊዜም በኋላ ቦዩ ፈጽሞ ይዘጋ የሚል አሳብ ተነሣ።

በዚያን ጊዜ ቦዩን የሚወዱ ሰዎች ዝም አላሉም። በ1956 ዓ.ም. ብዙ ሺሕ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ በውሃ መንገድ ወደ ለንደን ተወሰደ። ቀጥሎም ወጣቱም ሽማግሌውም ያለ ደመወዝ፥ በዕረፍት ቀናቸው እየመጡ ጭቃውን ጠረጉ፥ ግንቡን አደሱ፥ ገንዘብም አሰባሰቡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ አንዱን በር ከሌላው በኋላ እየጠገኑ ወደ ፊት ሄዱ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ፍጻሜውን ሳያዩ ሞቱ። ሆኖም በ1990 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ ቦዩን እንደ ገና መርቀው ከፈቱት።

ሥራው ግን በዚያ አላለቀም። የደረጃዎቹ በሮች ከጠንካራ እንጨት ቢሠሩም፥ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ በአዲስ ይተካሉ። እንግዲህ መልካም ሥራን የሚያቆመው የጀመረው ሰው ብቻ አይደለም፤ ተቀብሎ የሚጠብቀውም ነው። አባት የቈፈረውን ጕድጓድ ልጅ ካልጠረገው ይደፈናል፤ ካልዘጋውም በር የሚፈሰው ውሃ የሚጎድለው ከኋላው ለሚመጣው መንገደኛ ነው።

ጥያቄዎች፤
1. ጀልባ በውሃ ደረጃ ወደ ላይ የሚወጣው እንዴት ነው?
2. ቦዩ የተበላሸው ስለ ምን ነው?
3. መንገደኛው በሩን ሳይዘጋ ቢሄድ የሚጎዳው ማን ነው?