የቤት ቦይለር፦ የኤሌክትሪክ መስመሩና የብልሽቱ አፈላለግ

በአገራችን ከተሞች ቦይለር ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በገላ መታጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ ነው። ይህ መሣሪያ ሲበላሽ ሁለት ዓይነት ምልክት ሊያሳይ ይችላል። አንደኛው የውኃው አለመሞቅ ሲሆን ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል። ሁለተኛው ውኃው እየሞቀ ቧንቧው ሲነካ መጠነኛ ንዝረት መስጠቱ ነው፤ ይህን ግን ብዙዎች ለምደውት ይኖራሉ። በዚህ ጽሑፍ የቦይለርን የኤሌክትሪክ አሠራር ከተመለከትን በኋላ ሁለተኛው ብልሽት ከመጀመሪያው ይልቅ ለምን እንደሚያስፈራ በስሌት እናሳያለን።

የመስመሩ አሠራር

ከማከፋፈያ ሳጥኑ ተነሥተው ወደ ቦይለሩ የሚደርሱት ሽቦዎች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ፌዝ፣ ኒውትራል እና የመሬት ሽቦ ይባላሉ። በተለመደው ዓለም አቀፍ ደንብ ፌዙ ቡናማ፣ ኒውትራሉ ሰማያዊ፣ የመሬት ሽቦው አረንጓዴና ቢጫ ነው። ይሁን እንጂ በቆዩ ቤቶች ይህ ደንብ ላይጠበቅ ስለሚችል ቀለም አይቶ ብቻ መወሰን አይገባም።

ፌዙ በቅድሚያ በማብሪያ ማጥፊያው፣ ቀጥሎ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን በሚያቋርጠው መከላከያ፣ ከዚያም በቴርሞስታቱ አልፎ ወደ ማሞቂያው ኤሌመንት ይደርሳል። እነዚህ ሁሉ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ከተቋረጠ ኤሌመንቱ ኃይል አያገኝም። ማብሪያ ማጥፊያው ከመታጠቢያው ክፍል ውጭ መሆንና ፌዙንም ኒውትራሉንም በአንድነት መቁረጥ ይኖርበታል። ኒውትራሉን ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ቦይለሩ የጠፋ ቢመስልም ኤሌመንቱ ከፌዙ አልተለየም።

ስሌቱ ምን ይነግረናል?

ኃይሉ 1500 ዋት የሆነ ኤሌመንት በ220 ቮልት ሲሠራ 1500 ÷ 220 = 6.8 አምፔር ያህል ኮረንቲ ይወስዳል። ሬዚስታንሱም 220 ÷ 6.8 = 32 ኦም ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ለብልሽት ፍለጋ ዋነኛ መመሪያችን ይሆናል።

50 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 50 × 4.2 × 40 = 8400 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ይህንንም 1500 ዋት በ5600 ሰከንድ ወይም በ93 ደቂቃ ገደማ ይሰጣል። ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ ግን ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚለዋወጥ ወደ 1000 ዋት ገደማ ይቀንሳል፤ ጊዜውም ወደ 140 ደቂቃ ይረዝማል። ስለሆነም ቦይለሩ በምሽት ብቻ የሚዘገይ ከሆነ መሣሪያውን ከመፍታት በፊት ቮልቴጁን ማስለካት ይሻላል።

የብልሽቱ አፈላለግ

ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ኃይሉ ከማከፋፈያ ሳጥኑ መቋረጥ አለበት። ሽቦዎቹ ኃይል የሌላቸው መሆኑም ክዳኑ እንደተከፈተ በሞካሪ መሣሪያ ይረጋገጣል። ቀጥሎ የኤሌመንቱ ሁለት ጫፎች ከመስመሩ ተለይተው በመልቲሜትር ይለካሉ።

ውጤቱ 32 ኦም አካባቢ ከሆነ ኤሌመንቱ አልተበጠሰም፤ ችግሩ በቴርሞስታቱ፣ በሙቀት መከላከያው ወይም በመስመሩ ላይ ይፈለጋል። መልቲሜትሩ መስመሩ ክፍት መሆኑን ካመለከተ ኤሌመንቱ ተበጥሷል። ለዚህ የተለመደ ምክንያት ታንኩ ውኃ ሳይሞላ ቦይለሩን ማብራት ነው። ውኃ በሚቋረጥበት አካባቢ ሙቅ ውኃው ቧንቧ ሲከፈት መውረዱን ሳያረጋግጡ ማብራት አይገባም። ውኃው ከልክ በላይ የሚፈላ ከሆነ ደግሞ የቴርሞስታቱ መገናኛዎች ተጣብቀው ሊሆን ይችላል።

ላልቶ የታሰረ ሽቦም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በመገናኛው ላይ ግማሽ ኦም ብቻ ቢፈጠር 6.8 × 6.8 × 0.5 = 23 ዋት ሙቀት በአንዲት ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ይህም የሽቦውን ልባስ ለማቅለጥ ይበቃል። የጠቆረ ማሰሪያና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ የዚህ ምልክቶች ናቸው።

ውኃው እየሞቀ የሚነዝረው ቦይለር

የኤሌመንቱ የውጭ ሽፋን በዝገት ወይም በኖራ ክምችት ሲሰነጠቅ ውኃ ወደ ውስጥ ገብቶ የፌዙን ኃይል ወደ ታንኩና ወደ ቧንቧው ያደርሳል። ኤሌመንቱ ግን ማሞቁን ሊቀጥል ይችላል። የመሬት ሽቦ ከሌለ ቧንቧውን የሚነካው ሰው ራሱ የመሬት ሽቦ ይሆናል። የእርጥብ ሰውነት ሬዚስታንስ ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ስለሚችል በሰውነቱ የሚያልፈው ኮረንቲ እስከ 0.22 አምፔር ሊደርስ ይችላል። ይህ መጠን የልብን ምት አዛብቶ ይገድላል። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ግን ይህን አያቋርጥም። ብሬከር የተሠራው ሽቦ ከልክ በላይ እንዳይሞቅ እንጂ ሰው እንዳይሞት አይደለም።

የመሬት ሽቦ ብቻውንስ ይበቃልን? በግቢ ውስጥ የተቀበረው የመሬት ዘንግ ሬዚስታንስ 20 ኦም ቢሆን 220 ÷ 20 = 11 አምፔር ይፈስሳል፤ ብሬከሩ አሁንም አያቋርጥም። ስለዚህ በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ኮረንቲ እያነጻጸረ ልዩነቱ ወደ 30 ሚሊአምፔር ሲጠጋ መስመሩን በቅጽበት የሚቆርጠው አርሲዲ የተባለው መሣሪያ ያስፈልጋል። አርሲዲው ደጋግሞ ሲቆርጥ እርሱን አንሥቶ በቀጥታ ማገናኘት፣ ወይም ብሬከሩን በትልቅ መተካት፣ ሕመሙን ትቶ የሚያስጠነቅቀውን ሰው ዝም እንደ ማሰኘት ነው።

ይህ ፍሳሽ የሚታወቀው ኃይሉ ተቋርጦ በአንደኛው የኤሌመንት ጫፍና በታንኩ ብረት መካከል በመለካት ነው። በጤናማ ኤሌመንት መልቲሜትሩ ክፍት መስመር ሊያሳይ ይገባል። ሆኖም የመልቲሜትር ባትሪ ቮልቴጅ አነስተኛ ስለሆነ ጥቃቅን ፍሳሽ ሊያመልጠው ይችላል፤ ለማረጋገጥ ባለሙያ በ500 ቮልት የኢንሱሌሽን መለኪያ ይፈትነዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የማይሞቅ ቦይለር የሚያሳጣን አንድ ሙቅ ሻወር ብቻ መሆኑን ነው። የሚነዝር ቦይለር ግን ከማከፋፈያ ሳጥኑ በዚያኑ ሰዓት ሊጠፋና ሳይጠገን እንደገና ሊበራ የማይገባው ነው። አንባቢያንም ዛሬውኑ በየቤታቸው ሁለት ነገር ይመልከቱ፤ ይኸውም የመሬት ሽቦው በእርግጥ መያያዙን በባለሙያ ማስመርመርና በማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው አርሲዲ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ቁልፉ ሲጫን መሣሪያው መስመሩን ካልቆረጠ ጠባቂው እንቅልፍ ወስዶታል ማለት ነው።