አራቱ የተዛምዶ ዓይነቶች በሁለት ጥያቄ፦ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህራን የቀረበ የአሠራር መመሪያ

የሁለት ስብስቦች አባላት የሚዛመዱበት መንገድ አንድ ለአንድ፣ አንድ ለብዙ፣ ብዙ ለአንድ እና ብዙ ለብዙ ተብሎ በአራት እንደሚከፈል ሲያስተምሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራቱ ስሞች ከነምሳሌያቸው በሰሌዳ ላይ ይጻፉና ወደ ደብተር ይገለበጣሉ፤ ተማሪውም ስሞቹን በቃሉ ይይዛቸዋል። ድካሙ ከንቱ መቅረቱ የሚታወቀው ያልተጠናው ምሳሌ በፈተና ሲመጣ ወይም የቀስቶቹ አቅጣጫ ሲገለበጥ ነው፤ በቃል የተያዘው ስም ቀስቶቹን ለማንበብ አይረዳምና። ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው አካሄድ ስሞቹን ወደ ኋላ አቆይቶ ሁለት ጥያቄዎችን ያስቀድማል፤ ስሞቹ የጥያቄዎቹ መልስ ሆነው በመጨረሻ ይመጣሉ። ለሥራው ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ጠመኔ፣ ማስመሪያና የክፍሉ የስም መጥሪያ ይበቃሉ።

ቃላቱን ማስያዝ

ትምህርቱ የሚነሣው ከሦስት ቃላት ነው። ስብስብ ማለት አባላቱ ተለይተው የሚታወቁ የነገሮች ክምችት ሲሆን፣ ዝምድና የሚባለው ደግሞ ከአንዱ ስብስብ የተወሰደን አባል ከሌላው ስብስብ አባል ጋር የሚያጣምር ሕግ ወይም ዝርዝር ነው። ቀስቱ የሚነሣበት ስብስብ መነሻ፣ የሚያርፍበት ደግሞ መድረሻ ይባላል። ሦስተኛው ቃል ቅደም ተከተል ያለው ጥንድ ነው፤ ይህም መነሻው ሁልጊዜ በፊት፣ መድረሻው ሁልጊዜ በኋላ የሚጻፍበት ጥንድ ስለሆነ (2፣ 6) እና (6፣ 2) ሁለት የተለያዩ ጥንዶች ናቸው። መምህሩ በዚህ ነጥብ ላይ ሳይቸኩል ቢቆይ መልካም ነው፤ በኋላ ከሚፈጠሩት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ተማሪው ጥንዱን አቅጣጫ እንደሌለው አድርጎ ከማየቱ ነውና።

በክፍሉ ውስጥ ካለው መጀመር

መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሁለት ሞላላ ክቦችን ይሥላል፤ በግራው የስድስት ተማሪዎችን ስም፣ በቀኙ እነዚያ ተማሪዎች በስም መጥሪያው ላይ ያላቸውን ተራ ቁጥር ይጽፍና ተማሪዎቹ ራሳቸው ወጥተው ቀስቶቹን እንዲሠሩ ያደርጋል። ቀጥሎ በቀኙ ክብ ውስጥ ያለውን አጥፍቶ የሚቀመጡባቸውን ዴስኮች ይጽፋል፤ ሦስት ሦስት ሆነው የሚቀመጡ ከሆነ ስድስቱ ቀስቶች በሁለት ዴስኮች ላይ ያርፋሉ። በሦስተኛው ዙር የትምህርት ቤቱ ክበባት ይጻፋሉ፤ አንድ ተማሪ በቀይ መስቀልም በሚኒ ሚዲያም ክበብ ሊሳተፍ ስለሚችል፣ በአንድ ክበብም ብዙ ተማሪዎች ስላሉ፣ ቀስቶቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። እስከዚህ ድረስ ከአራቱ ስሞች አንዱም አይነሣም።

ሁለቱ ጥያቄዎች

ከዚያ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች በሰሌዳው አናት ላይ ተጽፈው እስከ ትምህርቱ ፍጻሜ ሳይጠፉ ይቆያሉ። አንደኛው፦ ከአንድ መነሻ ከአንድ በላይ ቀስት የሚወጣበት ቦታ አለን? ሁለተኛው፦ በአንድ መድረሻ ላይ ከአንድ በላይ ቀስት የሚያርፍበት ቦታ አለን? ለሁለቱም መልሱ «የለም» ከሆነ ተዛምዶው አንድ ለአንድ ይባላል፤ የስም መጥሪያው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው «የለም»፣ ሁለተኛው «አለ» ከሆነ ብዙ ለአንድ ነው፤ የዴስኮቹ ሥዕል ይህን ያሳያል። የመጀመሪያው «አለ»፣ ሁለተኛው «የለም» ሲሆን አንድ ለብዙ፣ ሁለቱም «አለ» ሲሆኑ ደግሞ ብዙ ለብዙ ይሆናል። ሁለት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ሁለት መልስ ስላላቸው ከአራት የበለጠ ወይም ያነሰ ዓይነት ሊኖር አይችልም፤ ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው ቆጥረው እንዲደርሱበት ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል።

በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ያለው «የሚያርፍበት ቦታ» የሚለው አነጋገር ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። ብዙ ለአንድ ለመባል ሁሉም ቀስቶች በአንድ ነጥብ ላይ መከማቸት የለባቸውም፤ ሁለት ቀስቶች የሚገናኙበት አንድ ቦታ መገኘቱ ብቻ ይበቃል። ተማሪዎች «ብዙ» የሚለውን ቃል ሰምተው ቀስቶቹን በጅምላ መቁጠር ስለሚቀናቸው፣ አምስት ቀስቶች ለየብቻቸው ያረፉበትና ሁለት ብቻ የተገናኙበት ምሳሌ ቀድሞ ቢቀርብላቸው ይጠቀማሉ።

ቀስቱን መገልበጥ

ዝምድናው ሲገለበጥ ሁለቱ ጥያቄዎች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ከተማሪ ወደ ዴስክ ብዙ ለአንድ የነበረው ከዴስክ ወደ ተማሪ አንድ ለብዙ ይሆናል። ይህን ለማስረዳት በአማርኛ ለሚማር ተማሪ ከፊደል ገበታ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። መነሻው ስብስብ ሰ፣ ሠ፣ ጸ፣ ፀ እና መ የሚሉትን ፊደላት፣ መድረሻው ደግሞ በዛሬው አማርኛ የሚሰሙትን ሦስት ድምፆች ቢይዝ፣ ከእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቀስት ብቻ ይወጣል፤ ነገር ግን ሰ እና ሠ በአንድ ድምፅ፣ ጸ እና ፀ በሌላ ድምፅ ላይ ይገናኛሉ። ንባብ ስለዚህ ብዙ ለአንድ ነው፤ ፊደሉን ያየ ተማሪ በድምፁ አይጠራጠርም። የቃል ጽሕፈት ግን ከድምፅ ወደ ፊደል የሚሄድ በመሆኑ አንድ ለብዙ ይሆናል፤ ድምፁን የሰማው ተማሪ ከሁለት ፊደላት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። ሳይሳሳት የሚያነበው ልጅ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ሲጽፍ እስክርቢቶውን አንሥቶ የሚያመነታው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይህን ማመንታት ተማሪው ራሱ ስለሚያውቀው የአቅጣጫን ትርጉም በቶሎ ይረዳል።

ምሳሌው ወደ ቃላት ሲያድግ ይጠነክራል። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ተብለው የተጻፉት ሁለት ቃላት በአንድ ንባብ ላይ ሲገናኙ፣ «አለ» ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» የሚል ትርጉም ስለሚሰጥ ከአንድ ጽሑፍ ሁለት ቀስቶች ይወጣሉ። እነዚህ ሦስት ቃላት በአንድ ስብስብ ውስጥ ሲገቡ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልሱ «አለ» ይሆናልና ተዛምዶው ብዙ ለብዙ ነው።

የስብስቡን ወሰን መጠየቅ

የተዛምዶው ዓይነት የሚወሰነው በሕጉ ብቻ ሳይሆን በስብስቦቹ አባላትም ጭምር መሆኑን ተማሪው ካልተረዳ ትምህርቱ ጎደሎ ነው። ለዚህ የዘመን አቆጣጠራችን ዐሥራ ሦስት ወራት ጥሩ መፈተኛ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. እያንዳንዱ ወር ከያዛቸው ቀናት ብዛት ጋር ቢጣመር፣ 12ቱ ወራት በ30 ላይ፣ ጳጉሜን በ5 ላይ ያርፋሉ፤ ይህ ብዙ ለአንድ ነው። የ2015 ዓ.ም. ሲጨመርበት ግን ጳጉሜን በዚያ ዓመት 6 ቀን ስለነበራት ከእርሷ ሁለት ቀስቶች ይወጣሉ፤ ሕጉ ሳይለወጥ ተዛምዶው ብዙ ለብዙ ይሆናል።

የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ተማሪ ከተነሣ፣ መምህሩ ጥያቄውን ወደ ስሌት ሊወስደው ይችላል። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በዘመን አቆጣጠሩ ስሌት፣ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል፣ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ የማቴዎስ፣ 2 ከሆነ የማርቆስ፣ 3 ከሆነ የሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ደግሞ የዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነውም በዘመነ ሉቃስ ነው። ተማሪዎቹ ከ2011 እስከ 2018 ያሉትን ስምንት ዓመታት ቢያሰሉ በእያንዳንዱ ወንጌላዊ ላይ ሁለት ሁለት ቀስቶች ሲያርፉ ያያሉ፤ ከ2015 እስከ 2018 ያሉትን አራት ብቻ ቢወስዱ ግን ያው ስሌት አንድ ለአንድ ይሆናል።

ወደ ቁጥርና ወደ ግራፍ መሻገር

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ምሳሌዎቹ ሙሉ በሙሉ ቁጥሮች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ቁጥር ከሦስት እጥፉ ጋር ሲጣመር አንድ ለአንድ ይገኛል። ከ−2 እስከ 2 ያሉት ሙሉ ቁጥሮች ከዳግም ርቢያቸው፣ ማለትም እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ከሚሰጠው ውጤት ጋር ሲጣመሩ −2 እና 2 በ4 ላይ፣ −1 እና 1 በ1 ላይ ስለሚገናኙ ብዙ ለአንድ ይሆናል፤ ቀስቶቹ ሲገለበጡ ደግሞ አንድ ለብዙ። 2 እና 3 «አካፋይ ነው» በሚለው ሕግ ከ4፣ ከ6 እና ከ9 ጋር ሲጣመሩ 6 ከሁለቱም ቀስት ይቀበላል፣ ከ2 እና ከ3ም ሁለት ሁለት ቀስቶች ይወጣሉ፤ ብዙ ለብዙ ነው።

ጥንዶቹ በግራፍ ወረቀት ላይ በነጥብ ሲቀመጡ ሁለቱ ጥያቄዎች በማስመሪያ ይጠየቃሉ። ማስመሪያው ቀጥ ብሎ ቆሞ ከግራ ወደ ቀኝ ሲንሸራተት በአንድ ጊዜ ሁለት ነጥቦችን ከነካ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አለ» ነው፤ አግድም ተጋድሞ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ሁለት ነጥቦችን ከነካ ደግሞ ለሁለተኛው። ከመነሻው እያንዳንዱ አባል አንድ ቀስት፣ አንድ ብቻ፣ የሚወጣበት ዝምድና ፈንክሽን እንደሚባል ማስተዋወቅም የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ለአንድና ብዙ ለአንድ ቀስት የሌለው መነሻ እስካልተገኘባቸው ድረስ ፈንክሽን ይሆናሉ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግን አይሆኑም።

መረዳቱን ማረጋገጥ

የሁለቱ ስብስቦች አባላት ብዛት እኩል ሲሆን ተዛምዶውን አንድ ለአንድ ማለት በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ስለሆነ፣ የመጨረሻው መልመጃ ሦስት መነሻና ሦስት መድረሻ ኖሮት ሁለቱ ቀስቶች በአንድ መድረሻ ላይ የሚያርፉበት፣ አንዱ መድረሻም ያለ ቀስት የሚቀርበት ቢሆን ይመረጣል። ተማሪው የዓይነቱን ስም ብቻ ቢጽፍ ሙሉ ነጥብ አይሰጠውም፤ ለሁለቱ ጥያቄዎች የሰጠውን መልስ፣ መልሱም «አለ» ከሆነ ቀስቶቹ የተገናኙበትን ወይም የተለያዩበትን አባል በስሙ ጠርቶ ማሳየት ይኖርበታል። ከዚያ ያንኑ ሥዕል ገልብጦ ደግሞ እንዲሰይመው ይጠየቃል።